በምስጢሩ ተይዞ ወንጀል የሠራ ሰው ምን ያህል ይወቀሳል?

ጥያቄ_አለኝ (ክሩን የከፈተ)

«ተገድጄ ነው» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ጫፍ ይዞ ይቀራል። አንዱ «ምን ያድርግ፣ ተይዞ ነው» ይላል፤ ሌላው «እጁ የሠራውን እጁ ይክፈል» ይላል። መሀሉን የሚነካው የለም። ስለዚህ መሀል ላይ የሚወድቅ ምሳሌ ላቅርብ። ለውይይት የተሠራ ነው፣ የማንም ታሪክ አይደለም።

አንዲት ሴት በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ክፍያ ታዘጋጃለች። ከማታውቀው አካውንት መልእክት ይገባላታል፤ ከድሮ ስልኳ የወጡ የግል ፎቶዎቿ አብረው አሉ። «48 ሰዓት አለሽ። አለዚያ ለባልሽም ለአለቃሽም ይደርሳል።»

መጀመሪያ የተጠየቀችው የ300 ደንበኞችን ስምና ስልክ ቁጥር ነው። ሰጠች። ከ2 ሳምንት በኋላ ሰውየው ተመለሰ፦ የአንድ አነስተኛ አቅራቢ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲስተሙ ላይ በሌላ ቁጥር ይተካ አለ። ተካች፤ የወሩ ክፍያ ወደ አጭበርባሪው ሄደ። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ለውጡን ማን እንዳደረገ የሚያሳየው መዝገብ ተነካክቶ ጥርጣሬው በክፍሉ ተለማማጅ ላይ እንዲያርፍ ነው። ይህንንም አደረገች። ተለማማጁ ተባረረ። አቅራቢው ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈል አቅቶት ዘጋ።

በሥነ ምግባር ይህች ሴት ምን ያህል ትወቀሳለች? ሦስቱ ላይ እኩል ነው?

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

ሕጉን ላስቀድምና ከዚያ ለሥነ ምግባሩ ሰዎች ቦታውን እለቃለሁ።

ሕግ መገደድን ሲመዝን መጀመሪያ የሚያየው የዛቻውን ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ምስጢር ማጋለጥ ከሞላ ጎደል በየትም አገር ከበሩ ይመለሳል። በእንግሊዝ ሕግ መከላከያ የሚሆነው የሞት ወይም የከባድ አካል ጉዳት ዛቻ ብቻ ነው። በ1973 (የውጭ ጉዳዮቹን ዓመት የምጠቅሰው በእ.ኤ.አ. ነው) በሲንግ ጉዳይ «ምንዝርህን አወጣብሃለሁ» የሚል ዛቻ አልበቃም ተብሏል። በ1985 በቫልዴራማ ቬጋ ጉዳይ ኮኬይን ያስገባው ሰው ሦስት ነገር ባንድ ላይ ተጭኖት ነበር፦ የግድያ ዛቻ፣ የገንዘብ ችግርና የግል ሕይወቱን የማጋለጥ ዛቻ። ፍርድ ቤቱ የኋለኞቹ ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም፣ ነገር ግን የግድያው ዛቻ ብቸኛው ምክንያት መሆን የለበትም አለ። ማለትም የማጋለጥ ዛቻ ከሌላ ዛቻ ጋር ተደርቦ ሊገባ ይችላል፤ ብቻውን ግን በሩን አይከፍትም።

የጀርመን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 35 ሕይወትን፣ አካልንና ነጻነትን ይጠቅሳል። የ1962ቱ የአሜሪካ ሞዴል የወንጀል ሕግ ሕገ ወጥ ኃይልን ይጠይቃል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መተዳደሪያ አንቀጽ 31 ሞትንና ከባድ የአካል ጉዳትን ይላል። ስም የሚል ቃል የትኛውም ላይ የለም።

የኢትዮጵያው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አካሄዱ ለየት ይላል። አንቀጽ 71 ፈጽሞ ሊቋቋሙት የማይቻል አካላዊ ግዳጅን ከቅጣት ነጻ ያደርጋል፤ ግዳጁ የኅሊና ከሆነ ለዳኛው ቅጣቱን ያለ ገደብ የማቅለል ወይም ጭራሽ የመተው ሥልጣን ይሰጣል። አንቀጽ 72 ደግሞ ሊቋቋሙት የሚቻል ከነበረ በመርህ ደረጃ ያስቀጣል ብሎ፣ ለማቅለል ግን የግዳጁን መጠንና በአስገዳጁና በተገዳጁ መካከል ያለውን የጉልበት፣ የዕድሜና የጥገኝነት ግንኙነት እንዲታይ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው ለክርክራችን ይጠቅማል፤ «ተገደደ ወይስ አልተገደደም» ብቻ ሳይሆን «ማን ማንን ገደደ» ብሎ ይጠይቃልና።

ባጭሩ ሴትዮዋ በአብዛኞቹ ሕጎች ጥፋተኛ ናት፤ ማስፈራሪያው የሚረዳት ቅጣት ሲወሰን ነው።

---

ጭር_ያለ

ይኼ ነው እኮ የሚያናድደኝ። ስም ማለት ለአንዳንዱ ሰው ሕይወት ነው። በዚሁ ዓይነት ማስፈራሪያ ራሳቸውን ያጠፉ ታዳጊዎች አሉ። ክንድ የመስበር ዛቻ ተቆጥሮ፣ ትዳርና እንጀራን የማፍረስ ዛቻ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍበት ምክንያት አይገባኝም። የተሰበረ ክንድ በ2 ወር ይጠገናል።

---

ሚዛን

ጭር_ያለ፣ ሕጉ መስመሩን እዚያ ያሰመረው ስም ርካሽ ስለሆነ አይመስለኝም። ለማጣራት ስለሚያስቸግር ነው። ሁሉም ሰው የሚያፍርበት ነገር አለው፤ «አፍሬ ነው» በሙሉ ነጻ የሚያወጣ ከሆነ ማንኛውም ወንጀለኛ ምስጢር አያጣም። ሥነ ምግባር ግን በፍርድ ቤት አቅም አይገደብምና የአንተ ጥያቄ ቦታ አለው።

መጀመሪያ አንድ ልዩነት እንያዝ። «ትክክል አደረገ» እና «ስሕተት አደረገ፣ ግን አይወቀስም» ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። ሕፃን ከሚነድ ቤት ለማውጣት የጎረቤት በር የሰበረ ትክክል ሠርቷል፤ እዚያ ቆሞ የነበረ ሁሉ ሊያግዘው ይገባ ነበር። ልጁ ታግቶበት በንጹሕ ሰው ላይ በሐሰት የመሰከረ ግን ትክክል አልሠራም። የተመሰከረበት ሰው «አትመስክርብኝ» ብሎ ሊከራከረው፣ ሊከለክለውም መብት ነበረው። አባትየውን የማንወቅሰው ድርጊቱ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን እኛም እዚያ ብንሆን እንወድቅ ነበር ብለን ስለምናስብ ነው። «ተገድጄ ነው» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ይጠይቃል። ጠቡ የሚነሣው እዚያ ነው።

አርስቶትል ከ2,300 ዓመታት በፊት በማዕበል መሀል ጭነቱን ወደ ባሕር የሚጥለውን መርከበኛ አንሥቶ ነበር። በደህና ቀን ማንም ንብረቱን አይጥልም፤ በዚያች ሰዓት ግን እጁን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ድርጊቱን ድብልቅ ብሎ ጠራው፣ ወደ ፈቃደኝነቱም ይበልጥ አቀረበው። ወላጆቹንና ልጆቹን የያዘበት አምባገነን አሳፋሪ ነገር እንዲሠራ ያዘዘውንም ሰው እዚያው አስገብቶታል። አንዳንድ ነገር ግን ሰው ሞትን መርጦ እንኳ ሊያደርገው አይገባም ብሏል።

እኔ የምጨምረው፦ መርከበኛው የሚጥለው የማንን ጭነት ነው? የራሱን ገንዘብ ለአስፈራሪ የከፈለ ሰው የራሱን ጭነት ጣለ፤ ማንም አይወቅሰውም፣ ቢበዛ ሞኝ ይባላል። ሴትዮዋ የጣለችው የ300 ደንበኛን፣ የአቅራቢውንና የተለማማጁን ነው። ማስፈራሪያው የመጣው በእሷ ምስጢር ላይ ነው፣ ዋጋውን የከፈሉት ግን ምስጢሩ የማይመለከታቸው ሰዎች ናቸው።

አሁን ሦስቱን በየተራ። በመጀመሪያው ድንጋጤ አለ፤ ሰዓቱ አጭር ነው፣ ጉዳቱም ያን ጊዜ በግልጽ አይታያትም (300 ሰው ለአጭበርባሪ ስልክ መጋለጡ ቀላል ነገር ባይሆንም)። ወቀሳው ትንሽ ነው፣ ባዶ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ላይ እኔ የማተኩረው ቁጥሩን በተካችበት ደቂቃ ላይ አይደለም። በዚያች ደቂቃ ፎቶው ብቻ ሳይሆን የሰጠችው ዝርዝርም ተይዞባታል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ገብታለች። አስፈራሪው የጀመረው በማያስቀጣ ምስጢር ነበር፣ አሁን ግን እውነተኛ ወንጀል በእጁ አለ፣ የሰጠችውም ራሷ ናት። ጥያቄው በመሀል ስላለፉት 14 ቀናት ነው። ሽጉጥ የያዘ ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ማሰቢያ ጊዜ የለም። አስፈራሪ ግን ጊዜ ሳይወድ ይሰጣል፣ ሥራው በዚያ ነው የሚሄደው። በዚያ ጊዜ ለባንኩም፣ ለፖሊስም፣ ለምታምነው አንድ ሰውም አለመናገሯ የሁለተኛውን ወቀሳ ከፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ለእኔ የተለየ ነገር ነው። እዚያ ጉዳቱ ፊት አለው። በየቀኑ አጠገቧ የሚቀመጥ፣ ከእሷ ያነሰ ሥልጣን ያለው፣ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ተመርጦ በእሷ ቦታ ተተካ። «ፈርቼ ነው» የሚለው ለምን እንዳደረገችው ያስረዳል፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም።

---

ደረቅ_ሒሳብ

እንግዲያው 70 ከመቶ አስፈራሪው፣ 30 ከመቶ እሷ ብለን እንዝጋው?

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

> 70 ከመቶ አስፈራሪው፣ 30 ከመቶ እሷ

አይሆንም፤ ይህ ስሌት የሚሠራው ካሳ ሲከፋፈል ነው። ወቀሳ ዳቦ አይደለም፣ አንዱ ሲቆርስ ለሌላው የሚቀንስ። አስፈራሪው ሰውን እንደ መሣሪያ ተጠቅሞ ወንጀሉን በሙሉ ሠርቷል፤ የእሱ 100 ነው። የእሷ መጠን የሚለካው በራሷ ሁኔታ ነው፤ ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ 80ም ሊሆን ይችላል፣ የእሱን አይነካም። እንዲያውም እሷ ፍጹም ነጻ በሆነች መጠን እሱ ብቸኛው ፈጻሚ ይሆናል እንጂ ጥፋቱ ባለቤት አያጣም።

---

የማታ_ፈረቃ

ሚዛን ስለ ጊዜ ያለው ላይ እቃወማለሁ። «ጊዜ ነበራት፣ ስለዚህ መውጫ ነበራት» ማለት ብዙ ሰው ያሳስታል።

በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. ቤልፋስት ላይ በኖርዘርን ባንክ የደረሰውን ዝርፊያ ተመልከቱ። ዘራፊዎቹ ማታ የሁለት ሠራተኞችን ቤተሰቦች ያዙ። ሠራተኞቹ በማግሥቱ እንደ ወትሮው ሥራ ገብተው ቀኑን ሙሉ በባልደረቦቻቸው መሀል ዋሉ፤ ማታ ገንዘቡ ተጭኖ ወጣ፣ 26.5 ሚሊዮን ፓውንድ። ሠራተኞቹ ጊዜ ሞልቷቸው ነበር፤ ስልክም፣ ሰውም፣ በሩም አጠገብ አለ። መውጫ ግን የለም፤ በወጡ ቁጥር ቤት ያለው ሰው ይሞታልና።

ሌላም አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሐድሰንና ቴይለር የተባለው ጉዳይ፦ የ17 እና የ19 ዓመት ልጆች በሐሰት መሰከሩ፤ ካስፈራሯቸው ሰዎች አንዱ እዚያው ችሎት ውስጥ ተመልካች ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ዐቃቤ ሕግ «ፖሊስ በተሞላበት ክፍል ውስጥ ምን ያስፈራችኋል» አለ። ይግባኝ ሰሚው ግን ዛቻው እዚያው በቦታው ባይፈጸምም፣ ማታ መንገድ ላይ ሊፈጸም መቻሉ ይበቃል አለ። ፖሊስ ሁልጊዜ ሊጠብቅህ አይችልም፤ ልጆቹ ይህን ያውቃሉ።

ስለዚህ የሚለካው የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ የነበረው መውጫ ዛቻውን ያስቀራል ወይስ ያፋጥናል የሚለው ነው።

---

ሚዛን

ተቀብያለሁ፣ አባባሌን አስተካክላለሁ፤ ጊዜ ብቻውን መውጫ አይደለም። (የሐድሰን ውሳኔ በ2005 በሐሰን ጉዳይ ጠበብ መደረጉን ግን አትርሳ፤ ዛቻው ወዲያው ወይም በጣም ቶሎ ይፈጸማል የሚል እምነት ከሌለ ሰውየው ወደ ፖሊስ መሄድ ነበረበት ተብሏል። ያው ውሳኔ ሌላም አጥር አቁሟል፦ ሊያስገድዱት እንደሚችሉ እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ወንጀለኞችን በፈቃዱ የተጠጋ ሰው፣ በኋላ «አስገደዱኝ» ሊል አይችልም።)

ልዩነቱ ግን ይኸው ነው፦ የባንኩ ሠራተኞች ቢናገሩ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። የእኛዋ ብትናገር የሚጠፋው ምስጢሩ ነው፤ እሱም ቢሆን ላይጋለጥ ይችላል።

---

የሲስተም_ሰው

ለዚህ ነው እኔ የምገባው፤ «መውጫ ነበራት ወይ» በፍልስፍና ሳይሆን በሥራ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

48 ሰዓት የሚለው ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አስፈራሪ ያለው ጥይት አንድ ነው። ፎቶውን ካወጣው መያዣው አለቀ፤ ሴትዮዋ የምታጣው ነገር የለም፣ እሱም የሚያገኘው የለም። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ለእሱ አይደለም፣ ለእሷ ነው፤ ሰው እንዳታማክር። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ሲያልፍ «ይኸው የመጨረሻ 12 ሰዓት» ተብሎ ይራዘማል። አንዴ የታዘዘ ሰው ግን እንደሚታዘዝ አሳይቷል፤ ሁለተኛው ጥያቄ የሚከብደው ለዚያ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል የሚሆነውም በአጋጣሚ አይደለም፤ ዝርዝሩ ከስልክ ቁጥሮቹ ይልቅ የሚፈለገው ለመያዣነት ነው።

ያኔ የነበሩት መውጫዎች እነዚህ ናቸው። ቻቱን አለማጥፋት፤ በድንጋጤ ሁሉንም መሰረዝ የተለመደው ስሕተት ነው፣ ማስረጃው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ስክሪንሾት ሲወሰድ የአካውንቱ ዩዘርኔም፣ ሊንኩ፣ ቀኑና ሰዓቱ በአንድ ምስል ላይ መታየት አለባቸው፤ ቅጽል ስም ብቻ የታየበት ስክሪንሾት አይረባም፣ ቅጽል ስም በ5 ሰከንድ ይቀየራል። ራሱን የሚያጠፋ መልእክት ከሆነ በሌላ ስልክ ካሜራ ይነሣል፤ አንዳንድ አፕ ስክሪንሾት ሲወሰድ ለላኪው ይነግራል። ብሎክ የሚደረገው ይህ ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ለፎቶዎቹ ደግሞ ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ። ከ18 በታች በነበሩ ጊዜ ለተነሡ ፎቶዎች «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ሌላ አለ። ፎቶው ከስልክ አይወጣም፤ ስልኩ ራሱ የፎቶውን ዲጂታል አሻራ ያሰላና አሻራው ብቻ ይላካል። አባል የሆኑት መድረኮች ያ አሻራ ያለው ምስል ሊወጣ ሲል ያስቆሙታል። ጉድለቱም ይታወቅ፦ አባል ያልሆነ መድረክ ላይ አይሠራም፣ በግል ቻት ከሰው ወደ ሰው የሚላከውንም አይደርስበትም፣ ምስሉ በጣም ከተቆራረጠ ደግሞ አሻራው ላይገጥም ይችላል።

በሁለተኛው ደረጃ የነበረው መውጫ ይበልጥ ቀላል ነው። ሒሳብ ቁጥር ሲቀየር አቅራቢው ጋር በቀድሞው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥና በሁለተኛ ሰው ማስጸደቅ የክፍያ ክፍል ሀሁ ነው። ለሁለተኛው ፈራሚ «ይህን ቁጥር አጣራልኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ምስጢሯን መንካት አያስፈልግም። ክፍያው ከወጣ በኋላም ባንኩ በሰዓታት ውስጥ ከሰማ ተቀባዩን ሒሳብ የማሳገድ ዕድል አለ፤ ቀናት ካለፉ ገንዘቡ ሦስት አራት ቦታ ተበትኖ ወጥቷል።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ሰው ብቻውን የአቅራቢ ቁጥር ቀይሮ ክፍያ ካለፈ ድርጅቱም በመስታወት ፊት ይቁም። መዝገቡ ራሱን በጻፈው ሰው እጅ የሚነካካ ሲስተም መዝገብ አይባልም።

---

ጭር_ያለ

ጥሩ ነው፣ ግን ይህን ሁሉ እናንተ ተረጋግታችሁ ነው የጻፋችሁት። እሷ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ይህን አታውቅም። የማታውቀው መውጫ መውጫ ነው?

---

የሲስተም_ሰው

አይደለም። ጥያቄህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የገባው። ሐፍረት መጀመሪያ የሚዘጋው ስልክ የሚደወልበትን እጅ ነው። ለመጀመሪያው 48 ሰዓት ሙሉ በሙሉ ከአንተ ጋር ነኝ። ለ2 ሳምንት ግን አልስማማም፤ ባለማወቅና ላለማወቅ በመምረጥ መካከል ልዩነት አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

---

ሰምና_ወርቅ

ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ፍራንክፈርት የተባለው ፈላስፋ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ምሳሌ አለ፦ አንድ ሰው ድርጊቱን በራሱ ወስኖ ጨርሷል፤ ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ «አድርገው፣ አለዚያ...» ይለዋል። ዛቻው አለ፣ ድርጊቱም አለ፣ ዛቻው ግን ድርጊቱን አላመጣውም። አማራጭ አልነበረውም ብለን ነጻ አናወጣውም።

ይህን ወደ ሦስተኛው ደረጃ አምጡት። ሴትዮዋ ተለማማጁን ከበፊትም ባትወደውስ? አስፈራሪው «በአንድ ሰው ላይ ጣይው» ብቻ ብሎ፣ ስሙን የመረጠችው እሷ ብትሆንስ? ያኔ ማስፈራሪያው የበቀል መሸፈኛ ይሆናል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ከታዘዘችው አልፋ ሠርታለች? ጉዳቱን ለመቀነስ የሞከረችበት ምልክት አለ? ከገንዘቡ የደረሳት አለ? የተገደደ ሰው እግሩን ይጎትታል፤ ያዘገያል፣ ያጎድላል፣ «አልተሳካም» ይላል። እጁ የፈጠነ ሰው ሲያጋጥመኝ እጠራጠራለሁ።

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

መርማሪዎችም የሚያዩት ይህንኑ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ መፍጠን ሁልጊዜ ፈቃደኝነት አይደለም። አንዳንዱ ቶሎ የሚያደርገው ቶሎ እንዲያልቅለት ነው።

---

ደረቅ_ሒሳብ

ጫፉን እንሞክረው። ፎቶው ቀርቶ ሽጉጥ ቢሆን፣ የሚጠየቀውም ሰው መግደል ቢሆንስ?

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

እዚያ ላይ ዓለም ለሁለት ተከፍሏል። የእንግሊዝ ጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት) በ1987 በሐው ጉዳይ መገደድ ለግድያ ምንም መከላከያ አይሆንም አለ፦ ተራ ሰው እንኳ ከንጹሕ ሰው ሕይወት የራሱን ማስቀደም መብት የለውም ብሎ። በ1992 በጎትስ ጉዳይ ይህ ወደ ግድያ ሙከራ ተዘረጋ። ጎትስ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱ እናትህን ካልገደልክ በጥይት እመታሃለሁ ብሎት፣ እናቱን ክፉኛ ወጋት፣ ተረፈች። ጥፋተኛ ተባለ፤ የተሰጠው ቅጣት ግን እስር ሳይሆን በክትትል ሥር መቆየት ነው። እንግዲህ ፍርዱ «ስሕተት ነው» አለ፣ ቅጣቱ ደግሞ «አንተን ግን ብዙ አንወቅስም» አለ። ሚዛን መጀመሪያ ላይ ያነሣው ልዩነት በአንድ መዝገብ ላይ ማለት ነው።

የቀድሞዋን ዩጎዝላቪያ የጦር ወንጀሎች ያየው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የፈረደው የኤርዴሞቪች ጉዳይ ይበልጥ ከባድ ነው። ሰውየው ሐምሌ 1995 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው የስሬብሬኒጻ (ቦስኒያ) ጭፍጨፋ ከተኳሾቹ አንዱ ነበር። አልተኩስም ሲል «ካዘንክላቸው አብረሃቸው ተሰለፍ» ተባለ። በራሱ ግምት 70 ያህል ሰው ገድሏል። በ1996 10 ዓመት ተፈረደበት፤ በ1997 ይግባኝ ሰሚው 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ መገደድ ንጹሐንን ለገደለ ወታደር ሙሉ መከላከያ አይሆንም አለ፤ በ1998 እንደገና ሲታይ 5 ዓመት ሆነ። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ካሴዜ ናቸው፤ የክርክራቸው ፍሬ እሱ ቢሞትም ሰዎቹ አይድኑም ነበር፣ ታዲያ ሕግ ከሰው ምንም የማያድን ሞት እንዴት ይጠይቃል የሚል ነው።

የጀርመኑ አንቀጽ 35ም ሆነ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አንቀጽ 31 ግድያን አስቀድመው በስም አያስወጡም። አንቀጽ 31 የሚለው ሊያስቀር ካሰበው ጉዳት የበለጠ ለማድረስ አይሰብ ነው።

---

ሚዛን

የካሴዜ ነጥብ ለእኛዋም ይሠራል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ግን። የአቅራቢውን ቁጥር እሷ ባትተካ ሌላ ማንም አይተካውም ነበር። የእሷ እምቢታ ሙሉ በሙሉ ያድን ነበር።

---

የማታ_ፈረቃ

ተገዳጁ ልጅ ከሆነስ? ወይም በሰው ንግድ የተያዘ? የአዋቂ መለኪያ እዚያ አይሠራም። የእንግሊዝ የ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕግ አንቀጽ 45 ለባርነት ሰለባዎች የተለየ መከላከያ አለው። አዋቂ ከሆነ መገደዱ፣ ግዳጁም ከባርነቱ የመጣ መሆኑ፣ በእሱ ቦታ ያለ ሰው ሌላ እውነተኛ አማራጭ የሌለው መሆኑ ይታያል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን «ተገድዷል ወይ» የሚለው ጭራሽ አይጠየቅም፤ የሚታየው ድርጊቱ የብዝበዛው ቀጥተኛ ውጤት መሆኑና በእሱ ቦታ ያለ ሌላ ልጅም ያንኑ ያደርግ እንደነበር ነው። ግድያን ጨምሮ ከባድ ወንጀሎች በረጅም ዝርዝር ተለይተው ወጥተዋል። መሠረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፦ ልጅ የሚያስፈራራው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያበላው ሰው ነው።

---

አወያይ

ስለ ልጆች ያለው ውይይት ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል። እዚህ ወደ ምሳሌው እንመለስ።

---

ጥያቄ_አለኝ (ክሩን የከፈተ)

አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ልጨምር። አስፈራሪው በድንገት ጠፋ እንበል፤ አካውንቱ ተዘግቷል፣ ፎቶው አልወጣም። ማንም አያውቅም። ተለማማጁ ግን እንደ ሌባ ተቆጥሮ ሥራ አጥቷል። አሁን ምን ዕዳ አለባት?

---

ሚዛን

ዛቻው ከሄደበት ሰዓት ጀምሮ ማመካኛውም ሄዷል። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ የዝምታ ቀን የራሷ ነው፣ ማንም አላስገደዳትም። ለእኔ ከሦስቱም ድርጊቶች ይህ አራተኛው ይብሳል።

ዕዳው ደግሞ ወቀሳ ባይኖርም ይኖር ነበር። በ1910 እ.ኤ.አ. የሚኒሶታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየው የመርከብ ጉዳይ አለ። ማዕበል ሲነሣ የመርከቡ ሰዎች ከወደቡ መድረክ ጋር አስረው፣ ገመዱ በተበጠሰ ወይም በሳሳ ቁጥር በሌላ እየተኩ አቆዩት። መርከቡ ተረፈ፣ መድረኩ ተጎዳ። ፍርድ ቤቱ መርከቡን አስረው ማቆየታቸው ጥንቃቄ የተሞላበት ትክክለኛ ሥራ ነበር አለ፤ ቢሆንም ለመድረኩ 500 ዶላር ክፈሉ አለ። መርከባቸውን ያዳኑት በሌላው ንብረት ነውና። ትክክል የሠራ እንዲህ ከከፈለ፣ ይቅር የተባለ ሰው እንዴት አይከፍልም?

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

በመርህ እስማማለሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ጥንቃቄ፦ መጀመሪያ ጠበቃ፣ ቀጥሎ ሌላው። በድንጋጤ የተጻፈ የእምነት ቃል ያልሠራችውንም ሊያሸክማት ይችላል፤ «እኔ ነኝ የሰረቅሁት» የሚል አንድ መስመር ማስፈራሪያውን በሙሉ ይሰርዘዋል።

---

የሲስተም_ሰው

ጠበቃ በቀጠሮ ነው፣ ገንዘብ በሰዓት ነው። ክፍያው የወጣው ትናንት ከሆነ መጀመሪያ ባንኩ።

---

አንቀጽ_በአንቀጽ

በምሳሌው ላይ ክፍያው ከወጣ ሳምንታት አልፈዋል፣ ገንዘቡ ሄዷል። በሰዓት የሚቆጠር የቀረው የተለማማጁ ጉዳይ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ገጽ ይሄዳል፤ በጠበቃዋ በኩል ለድርጅቱ፦ ቁጥሩ የተቀየረበት ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው ዩዘርኔም፣ መዝገቡ ላይ ምን ተነካ፣ ተለማማጁ እጁ እንደሌለበት፣ የማስፈራሪያው ስክሪንሾት አባሪ። ፎቶዎቹ አባሪ አይሆኑም፤ የዛቻው ጽሑፍ ይበቃል፣ ምስሉ በጥቁር ይሸፈናል።

---

ጭር_ያለ

ቻቱን ካላጠፋች።

---

የሲስተም_ሰው

ካጠፋችም የሲስተሙ ባክአፕ አለ፤ ከቅያሪው በፊት የነበረ ኮፒ ከተገኘ የመጀመሪያው መዝገብ እዚያ ላይ እንዳለ ነው። ባክአፑ በላዩ ላይ ሳይጻፍበት መጠየቅ አለባት፤ ብዙ ቦታ በ30 ወይም በ90 ቀን ይዞራል።